በስታዲዮም አካባቢ ያለው የመኪና ማቆሚያ ችግርና የሱቆች ገበያ

ትልቅ የእግር ኳስ ግጥሚያ በሚደረግበት ዕለት ከለገሀር ተነሥቶ ወደ መስቀል አደባባይ ያለፈ ሰው የሚያስታውሰው ነገር አለ። ጨዋታው ሊጀመር ገና ሁለት ሰዓት ሲቀረው የጎዳናው ግራና ቀኝ በመኪና ተይዞ፣ የመጨረሻዎቹም ስፍራ ያጡት መኪናዎች ሁለት ጎማቸውን በእግረኛ መንገድ ላይ ሰቅለው ቆመው ይገኛሉ። የማሊያና የባንዲራ ሻጮች በመካከላቸው ይመላለሳሉ። ከዚህ ሁሉ ግርግር በስተጀርባ ደግሞ ባለሱቁ በደጁ ቆሞ፣ ከማለዳ ጀምሮ ሲጠብቀው የነበረው የጭነት መኪና በየት በኩል ገብቶ ዕቃውን እንደሚያወርድ ያሰላስላል።

ግጥሚያ ለአካባቢው ነጋዴ በረከትም ችግርም ነው። ምግብ ቤቱ፣ ቡና ቤቱና የስፖርት ዕቃ መደብሩ በዚያን ዕለት ያተርፋሉ። በአንጻሩ ጨርቅ፣ የቤት ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ወይም የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጠው ነጋዴ ደንበኛው መኪናውን የሚያቆምበት ስፍራ አጥቶ ወደ ሌላ ሠፈር ሲሄድበት ያያል። እንግዲህ ጥያቄው ስታዲዮሙ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚል አይደለም፤ ስታዲዮሙ ከብዙዎቹ ሱቆች በፊት በስፍራው የነበረ ነው። ጥያቄው፣ በጎዳናው ጠርዝ ላይ ያለው ጥቂት ሜትር ስፍራ በማን፣ በምን ሰዓትና ለምን ያህል ጊዜ ሊያዝ ይገባዋል የሚል ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በዚሁ ሜዳ ላይ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ በወሰደ ጊዜ፣ በከተማው የነበረው የመኪና ብዛት ከዛሬው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሜዳውን የሠሩት ሰዎች ስለ መኪና ማቆሚያ አብዝተው አለማሰባቸው ሊያስወቅሳቸው አይችልም። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው፤ በከተማ መካከል የተሠሩ የቆዩ የስፖርት ሜዳዎች ሁሉ ይህንኑ ችግር ወርሰዋል።

ነገሩን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። የአንድ ሱቅ ፊት ለፊት 18 ሜትር ነው እንበል። ለአንድ መኪና 6 ሜትር ቢሰጥ ሦስት መኪና ያስቆማል። ሱቁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት፣ ማለት ዐሥር ሰዓት ክፍት ሆኖ፣ እያንዳንዱ ደንበኛ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ፣ ሦስቱ ስፍራዎች በቀን 60 ደንበኞችን ማስተናገድ ይችላሉ። አንድ የኳስ ተመልካች ግን ከቀኑ 8 ሰዓት መጥቶ እስከ 12 ሰዓት ቢቆይ፣ አንዱን ስፍራ ብቻ ከስምንት ደንበኞች ላይ ይወስዳል፤ ሦስቱም በተመልካች ቢያዙ 24 ደንበኞች ቀሩ ማለት ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ብቻ የሚገዛ ቢሆን እንኳ ስምንት ሽያጭ ጠፍቷል። ይህ በግጥሚያ ቀን ነው። ግጥሚያ በሌለበት ቀንስ? ባለሱቁ የራሱን መኪና ከጠዋት እስከ ማታ በራሱ ደጅ ካቆመ፣ ሒሳብ ሠራተኛውም ሁለተኛውን ስፍራ ከያዘ፣ ጎረቤቱም ሦስተኛውን ከወሰደ፣ ለደንበኛ የተረፈው ምንም ነው። በዓመት ውስጥ ካሉት የግጥሚያ ቀኖች ይልቅ እነዚህ ተራ ቀኖች እጅግ ይበዛሉና፣ ከባዱን ኪሳራ የሚያደርሰው ማን እንደ ሆነ እያንዳንዱ በልቡ ይመርምር።

ይህንኑ ምርመራ አስቀድመው ያደረጉት ነጋዴዎች ናቸው። በአሜሪካ በኦክላሆማ ሲቲ ከተማ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች መኪናቸውን ከሱቆች ደጅ ቀኑን ሙሉ እያቆሙ ደንበኛ ስፍራ በማጣቱ፣ የከተማው ንግድ ምክር ቤት የትራፊክ ኮሚቴ መፍትሔ መፈለግ ጀመረ። በዚህ ሥራ የተሰየሙት ካርል ማጊ የተባሉ የጋዜጣ ሰው፣ ሳንቲም ሲገባበት ጊዜን የሚቆጥር መሣሪያ አሰቡ፤ ንድፉንም የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ (የዛሬው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ) መምህራን እንዲያወጡት ተደረገ። በዓለም የመጀመሪያው የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪ ሐምሌ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) በዚያች ከተማ ተተከለ። ዋጋው በሰዓት አምስት ሳንቲም ነበር። ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ ማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ለመሰብሰብ የፈጠረው ይመስለዋል፤ መነሻው ግን የነጋዴው ገበያ ነበር።

የክፍያን ጉዳይ አጥልቀው ከመረመሩት አንዱ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶናልድ ሹፕ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት መጽሐፍ የሰጡት መለኪያ ለማንም የሚገባ ነው፤ ከመቶ ስፍራ 85 ያህሉ ተይዞ 15ቱ ክፍት ከሆነ ዋጋው ልክ ነው፤ ሁሉም ከተያዘ ዋጋው አንሷል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ ዋጋው በዝቷል ማለት ነው። ደንበኛ ሲመጣ በእያንዳንዱ ጎዳና አንድ ወይም ሁለት ክፍት ስፍራ ማግኘት አለበት። ነጋዴ ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም፤ መደርደሪያው ሁልጊዜ ባዶ የሚሆንበት ነጋዴ ዋጋው እንዳነሰ፣ አቧራ የሚጠጣበትም ዋጋው እንደ ናረ ያውቃል።

በስፖርት ሜዳ ረገድ ብዙ ትምህርት የሚገኘው ከቺካጎ ነው። ሪግሊ ፊልድ የተባለው የቤዝቦል ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1914 በመኖሪያ ቤቶች መካከል ተሠርቶ ከ40 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል፤ ይህን ሕዝብ የሚመጥን የመኪና ማቆሚያ ግን በአጠገቡ የለውም። ሌሎቹ ሜዳዎች ሁሉ መብራት ተክለው በማታ ሲጫወቱ፣ በዚህ ሜዳ ግን እስከ 1988 ድረስ በቀን ብቻ ነበር። የሠፈሩ ኗሪዎች መብራት ከገባ ከሥራ ስንመለስ መኪናችንን የምናቆምበት እናጣለን ብለው አጥብቀው ስለተከራከሩ፣ ጉዳዩ እስከ ሕግ አውጪዎቹ ምክር ቤት ደርሶ ነበር።

ክርክሩ ያለቀው አንዱ ወገን ሌላውን አሸንፎ ሳይሆን በውል ነው። የከተማው ምክር ቤት በ1988 መጀመሪያ ባወጣው ደንብ በዚያ ዓመት ስምንት የማታ ጨዋታ ብቻ፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ 18 እንዲደረግ ፈቀደ። በአንጻሩ በማታ ጨዋታ ቀን በአካባቢው ባሉት ጎዳናዎች ላይ እንዲቆም የሚፈቀደው የኗሪነት ምልክት በመስተዋቱ ላይ የለጠፈ መኪና ብቻ ሆነ፤ ምልክት የሌለው ተጎትቶ ይወሰዳል። ነሐሴ 2 ቀን 1980 ዓ.ም. መብራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢበራም ዝናብ መጥቶ ያንን ጨዋታ አቋርጦታል። ቡድኑ ደግሞ በኋላ ከሜዳው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተመልካቹ መኪናውን የሚያቆምበትን ሰፊ ስፍራ አዘጋጅቶ በአውቶቡስ በነጻ ሲያመላልስ ቆይቷል። ከሁሉ በላይ የጠቀመው የከተማው ባቡር ጣቢያ ከሜዳው አጠገብ መገኘቱ ነው።

በዚህ መካከል የኗሪዎቹ ብልሃት ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከቤታቸው ጀርባ ጋራዥ ያላቸው ሰዎች የራሳቸውን መኪና ወደ ሌላ ወስደው፣ በካርቶን ላይ ዋጋ ጽፈው ደጃፍ ቆመው ስፍራውን ለተመልካች ያከራያሉ። ሕግ የከለከለውን ጎዳና ገበያው በግቢ ውስጥ ተካው ማለት ነው። በአዲስ አበባም ሰፊ ግቢ ያላቸው ድርጅቶች በዕረፍት ቀን በሩን ዘግተው ከመዋል ይልቅ ይህንኑ ሊያስቡበት ይችላሉ።

ከዚያችው ከተማ የሚገኝ የማስጠንቀቂያ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የቺካጎ አስተዳደር ወደ 36 ሺህ የሚሆኑ የጎዳና ማቆሚያ ቆጣሪዎችን ለ75 ዓመት ለግል ባለገንዘቦች አከራይቶ 1.15 ቢሊዮን ዶላር ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት የከተማው ዋና ተቆጣጣሪ መርምሮ፣ ከተማው ማግኘት ከሚገባው ቢያንስ 974 ሚሊዮን ዶላር ጎድሎበታል ሲል አስታወቀ። ክፍያው በብዙ ሠፈሮች በአንድ ጊዜ እጅግ ጨመረ። ከዚህ የባሰው ግን ከተማው ለበዓል ወይም ለመንገድ ሥራ ጎዳና ሲዘጋ ለተከራዮቹ ካሣ እንዲከፍል መገደዱ ነው። በእኛ ከተማ ሰልፉም፣ ሩጫውም፣ ደመራውም በመስቀል አደባባይ የሚደረግ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ውል ቢፈረም ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ፓሳዴና በተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ የሆነው የተሻለ ነው። በአሮጌው የገበያ ሠፈር ቆጣሪ ይተከል ሲባል ነጋዴዎቹ ደንበኛ ይሸሽብናል ብለው ተቃወሙ። አስተዳደሩ ግን የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ ሌላ ሳይሄድ በዚያው በሠፈሩ ለእግረኛ መንገድ፣ ለመብራት፣ ለዛፍና ለጽዳት እንደሚውል ቃል ቢገባላቸው ተስማሙ። ቆጣሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ተተከሉ፤ ይፈርሳል ተብሎ የነበረው ሠፈር ከከተማይቱ ዋና ገበያዎች አንዱ ሆነ። በእርግጥ ለዚህ ምክንያቱ ቆጣሪው ብቻ አልነበረም፤ የቆዩት ሕንጻዎች መታደስም ብዙ ረድቷል። ይሁን እንጂ ነጋዴ የሚከፍለው ወይም ደንበኛው የሚከፍለው ገንዘብ በደጁ ላይ ሥራ ሲሠራ ሲያይ ተቃውሞው እንደሚቀንስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በከተማው ጎዳናዎች ላይ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ቲኬት እየቆረጡ የማቆሚያ ሒሳብ መሰብሰባቸው የታወቀ ነው። ይህ አሠራር ከውጭ አገር ቆጣሪ የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም ወጣቱ ቦታ ያሳያል፣ መኪና ይጠብቃል፣ የሚወጣውንና የሚገባውን ይመራል። በግጥሚያ ቀን የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ለአራት ሰዓት የሚቆመውና ለሃያ ደቂቃ የሚቆመው በአንድ ዓይን መታየታቸው ነው። በዚያን ዕለት ከሱቆች ፊት ያለው ስፍራ ከግማሽ ወይም ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይያዝ ቢወሰን፣ ወጣቱም ቢሆን ብዙ ቲኬት ይቆርጣል እንጂ ገቢው አይቀንስም።

ረጅም ሰዓት ለሚቆመው ተመልካች ደግሞ ሌላ ስፍራ አለ። ሰኔ 2013 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ተሠርቶ የተመረቀው መስቀል አደባባይ ከመሬት በታች ወደ 1,400 የሚጠጉ መኪናዎች የሚያቆም ስፍራ ተሠርቶለታል፤ ከዚያ እስከ ስታዲዮሙ ያለው መንገድ በእግር የጥቂት ደቂቃ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡርም በስሙ ስታዲዮም የተባለ ጣቢያ አለው፤ የምሥራቅ ምዕራቡም የሰሜን ደቡቡም መሥመር በዚያ ያልፋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ስፍራ ጠፍቶ አይደለም። ሰው የሚመርጠው የሚቀርበውንና የሚረክሰውን ነውና፣ የሱቁ ደጅ ከምድር ቤቱ ማቆሚያ ረክሶ እስካለ ድረስ ተመልካቹ በሱቁ ደጅ ይቆማል።

የጭነት ማውረድ ነገር ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ጫኝና አውራጅ ቀጥሮ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ከመጋዘን ያወጣውን ዕቃ ደጁ አድርሶ ማውረጃ ያጣ ነጋዴ የሚከፍለው ኪሳራ ከደንበኛ መቅረት ይበልጣል። የግጥሚያው መርሐ ግብር አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ፣ በዚያን ዕለት ዕቃ የሚወርደው እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ብቻ እንዲሆን የአንድ ጎዳና ሱቆች ቢስማሙና አንድ ስፍራ ለዚሁ ተለይቶ በቀለም ቢሰመር፣ ወጪው የአንድ ቆርቆሮ ቀለም ነው። ስፍራው ከዚያ ሰዓት በኋላ ለደንበኛ ይመለሳል።

በእግረኛ መንገድ ላይ መቆም ግን በማንኛውም ቀን ሊፈቀድ አይገባም። የዚህች ከተማ አብዛኛው ገዢ በእግሩ፣ በታክሲና በአውቶቡስ የሚመጣ ነው። ነጋዴዎች ስለ መኪና ማቆሚያ ሲነጋገሩ በመኪና የሚመጣውን ደንበኛ አግዝፈው የማየት ልማድ አላቸው፤ ሁለት ጎማውን ሰቅሎ የቆመው መኪና ግን የሱቁን መስኮት ጋርዶ፣ ልጅ ያዘለችውን እናት ወደ አስፋልት አውርዶ፣ አንድ ተመልካች ለማስተናገድ መቶ አላፊ አግዳሚ ያሳልፋል።

አቤቱታ ይዞ ወደ ክፍለ ከተማው ከመሄድ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። አንድ ሠራተኛ ደብተርና እርሳስ ይዞ፣ በአንድ የግጥሚያ ቀንና በአንድ ተራ ቀን፣ በየግማሽ ሰዓቱ ከሱቆቹ ፊት የቆሙትን መኪናዎች የታርጋ ቁጥር መጨረሻ ሦስት አኃዝ ይጻፍ። ከዚህ ዝርዝር የትኛው መኪና ስንት ሰዓት እንደ ቆየ፣ በየሰዓቱ ከዐሥሩ ስንቱ ስፍራ እንደ ተያዘ በግልጽ ይወጣል። አስተዳደሩም ከረጅም ደብዳቤ ይልቅ እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ ተቀብሎ ማየት ይቀለዋል። ሠንጠረዡ ከመቅረቡ በፊት የጎዳናው ነጋዴዎች አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ከተጻፉት ታርጋዎች ውስጥ የራሳቸውና የሠራተኞቻቸው የሆኑትን በቀይ ያስምሩባቸው።