ምንነቱን ሳያውቁ የጠበቁ መነኮሳት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በስድስተኛው መቶ ዓመት የመሠረተውን፣ በኢጣልያ የሚገኘውን የሞንቴ ካሲኖን ገዳም ሲያፈርሱ፣ ከዘማቾቹ መካከል ዋልተር ሚለር የሚባል የፍሎሪዳ ወጣት ነበረ። ይህ ሰው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ገባ፤ በ1959ም «ማኅሌት ለሊቦዊትዝ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። መጽሐፉ ከዚያ ከፈረሰው ገዳም የመነጨ መሆኑን እርሱ ራሱ የተገነዘበው የመጨረሻውን ክፍል ሲጽፍ ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው የአቶም ጦርነት ዓለምን ካጠፋ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ከእሳቱ የተረፈው ሕዝብ፣ ይህን መቅሠፍት ያመጡብን ሊቃውንት ናቸው ብሎ በቍጣ ተነሥቶ፣ የተማረውን ሁሉ ገደለ፤ መጻሕፍቱንም አቃጠለ፤ መሃይምነትም የክብር ስም ሆነ። ሊቦዊትዝ የሚባል መሐንዲስ ግን መንኵሶ፣ መጻሕፍትን በስውር የሚያሸሽና በቃል የሚያጠና ማኅበር ካቋቋመ በኋላ በሕዝቡ እጅ በሰማዕትነት ዐረፈ። ልጆቹም በአሜሪካ ምድረ በዳ በተተከለው ገዳማቸው የተረፈውን ብጣሽ ወረቀት ሁሉ ሲገለብጡ ትውልድ በትውልድ ተተካ።

ከእነዚህ አንዱ፣ ገና በአመክሮ ላይ ያለው ፍራንሲስ፣ በዐቢይ ጾም በበረሃ ብቻውን ሱባዔ ይዞ ሳለ፣ ከምድር በታች የተቀበረ መጠለያ ያገኛል። በውስጡም ሊቦዊትዝ ከገበያ የሚገዛውን ሥጋና ዳቦ የጻፈበት ማስታወሻ አለ፤ ወጣቱ ግን እንደ ንዋየ ቅድሳት እየተንቀጠቀጠ ያነሣዋል። አብሮት የተገኘውን የኤሌክትሪክ ንድፍ ደግሞ፣ ለምን እንደሚያገለግል ሳያውቅ፣ ዙሪያውን በሐረግና በወርቅ እያስጌጠ 15 ዓመት ሲገለብጥ ኖረ። ወደ ሮማው ፓፓ ይዞት ሲጓዝም፣ ሽፍቶች በወርቅ ያጌጠውን ግልባጭ ቀምተው ዋናውን ተዉለት። ከመጽሐፉ ሁሉ እጅግ የምወደው ይህ ክፍል ነው፤ የማይጠቅመውን ነገር ለማያውቀው ትውልድ ብሎ በትዕግሥት የሚደክም ሰው ምን ያህል ታላቅ እንደ ሆነ ከዚህ ይልቅ ያሳየኝ ድርሰት አላነበብሁም።

ሌላ ስድስት መቶ ዓመት ሲያልፍ፣ አንድ መነኵሴ ወንድሞቹ በእግራቸው እየረገጡ በሚያዞሩት መኪና የኤሌክትሪክ መብራት ያበራል፤ መሳፍንቱም የዕውቀቱን ኀይል ይመኙት ጀመር። ሌላ ስድስት መቶ ዓመት ቈይቶም ሥልጣኔው ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ ከእርሱም ጋራ የአቶም ጦርነት፤ መነኮሳቱም መዛግብታቸውን ይዘው ወደ ከዋክብት በሚጓዝ መርከብ ከምድር ይወጣሉ።

እንግዲህ ዕውቀትን የጠበቀ ሰው፣ ዕውቀት ላመጣው ጥፋት ተጠያቂ ነውን? ሚለር ጥያቄውን ሳይፈታ ለአንባቢው ትቶታል፤ እኔ ግን ፍርዱ በጠባቂዎቹ ላይ ሳይሆን፣ የተጠበቀውን ተቀብለው መሣሪያ ባደረጉት መሳፍንት ላይ ነው እላለሁ።

በ1961 ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎን ሽልማት የተቀበለው ይህ መጽሐፍ፣ ሚለር በሕይወቱ ሳለ ያሳተመው ብቸኛ ልብ ወለድ ነው፤ ተከታዩ የወጣው እርሱ በ1996 ካረፈ በኋላ፣ በሌላ ደራሲ እጅ ተፈጽሞ፣ በ1997 ነው።