«ላቀች»፦ ከሴት መጠሪያነት ወደ ጤፍ ዝርያ ስምነት

መግቢያ

የሰው ስም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ቦታ ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚለው ጥያቄ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችን ሲያከራክር የኖረ ነው። በአማርኛ ጥያቄው ለየት ያለ መልክ አለው። ብዙዎቹ ነባር የአማርኛ መጠሪያዎች ከቋንቋው ተራ ቃላት የተቀረጹ ስለ ሆኑ ስሙን የሰማ ሰው ትርጉሙንም አብሮ ይሰማል። አበበች፣ በለጠች፣ ተዋበች፣ አስናቀች ሲባል ከስሙ ጀርባ ግስ መኖሩን ለመረዳት ሰዋስው መማር አያስፈልግም።

ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ መጠሪያዎች አንዱን፣ ከአበበችና ከበለጠች ጋር ሲነጻጸር እምብዛም የማይሰማውን «ላቀች» የተባለውን የሴት ስም ይመለከታል። ይህን ስም የመረጥነው በሰዎች ዘንድ እየሳሳ ሳለ በሌላ መስክ አዲስ ሕይወት ስላገኘ ነው። በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በወልዲያ መካከል የሚገኘው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በ2009 (እ.ኤ.አ.) ካወጣቸው ዝርያዎች አንዱ የሆነው ጤፍ «ላቀች» ተብሎ ተሰይሟል። ስም ከሰው ወደ ሰብል ሲሻገር በትርጉሙ፣ በሰዋስዋዊ አገባቡና በአጻጻፉ ላይ ምን እንደሚደርስ መመርመር ለመዝገበ ቃላትም ለሙያ ቃላት ሥራም ይጠቅማል።

፩. የቃሉ ሥር

«ላቀ» የሚለው የአማርኛ ግስ ምንጩ የግእዙ «ልህቀ» ነው። ልህቀ ማለት በመጀመሪያ አደገ፣ ጎለመሰ፣ ቀጥሎም ሸመገለ፣ በዕድሜ ቀደመ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ሊቅ» ይወጣል፤ ሊቅ በግእዝ ሽማግሌን፣ ታላቅን፣ አለቃን ያመለክታል። ዕድሜና ዕውቀት፣ ዕውቀትና ሹመት አብረው ይሄዳሉ ተብሎ ስለሚታሰብ ቃሉ በአማርኛ በተለይ የተማረውን ሰው የሚያመለክት ሆነ። ሊቀ ጳጳስ፣ ሊቀ መኳስ፣ በኋላም ሊቀ መንበር የተባሉት የማዕረግና የሥልጣን ስሞች የዚሁ ዘር ናቸው።

ከግእዝ ወደ አማርኛ በተደረገው ሽግግር የመካከለኛው የጉሮሮ ድምፅ ጠፍቶ የፊተኛው ፊደል ራብዕ ሆኗል። ይህ በአንድ ቃል ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ስዕመ ሳመ፣ ሠሐቀ ሣቀ፣ ለአከ ላከ፣ ጸሐፈ ጻፈ እንደ ሆነ ሁሉ ልህቀም ላቀ ሆነ። ትርጉሙም ደረጃ በደረጃ ተጉዟል፤ ከማደግ ወደ መሸምገል፣ ከመሸምገል ወደ ታላቅነት፣ ከታላቅነት ወደ መብለጥ።

ሥሩ ዛሬም ፍሬ ይሰጣል። በቅርብ ዘመን በመሥሪያ ቤቶችና በመገናኛ ብዙኃን የተለመደው «የልህቀት ማዕከል» የተባለው የሙያ ስያሜ የግእዙን ቅርጽ ሳይለውጥ መልሶ ያመጣ ነው። ስለዚህ በቢሮ በር ላይ የሚነበበው ልህቀትና በማሳ ላይ የሚጠራው ላቀች የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

፪. የስሙ ቅርጽ

በአማርኛ የሴት ስሞች ከሚቀረጹባቸው መንገዶች መካከል የሚከተሉት ጎልተው ይታያሉ።

ሀ) በኃላፊ ጊዜ፣ በሦስተኛ መደብ፣ በሴት ጾታ የሚነገር ግስ፦ አበበች፣ ተዋበች፣ ታደለች፣ አሰገደች፣ ላቀች።

ለ) በትንቢት ጊዜ የሚነገር ግስ፦ አትጠገብ። የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ስም ይኸው ነበር።

ሐ) በሁለተኛ መደብ «ነሽ» የሚጨረስ ስም፦ ጥሩነሽ፣ ብዙነሽ፣ በላይነሽ።

መ) በሴት አመልካች «ኢቱ» ወይም «ቱ» የሚጨረስ ስም፦ ጣይቱ፣ ጠጂቱ።

ከእነዚህ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ባለቤቷ በግሱ ውስጥ ተሰውራለች፤ ድርጊቱም የተፈጸመ ሆኖ ይነገራል። ገና ላልጠናች ሕፃን «ላቀች» ብሎ ስም ማውጣት ወላጅ የሚመኘውን ነገር እንደ ተፈጸመ አድርጎ መናገር ነው። ከማን እንደ ላቀች ግን ስሙ አይናገርም። ላቀ የሚለው ግስ በተለመደው አገባቡ «ከ» የሚል መስተዋድድ ይፈልጋል፤ በስምነት ጊዜ ግን ተነጻጻሪው ይቀራል፣ ለሰሚው ግምት ይተዋል።

የወንዱ አቻ «ላቀው» ሲሆን በእርሱ ላይ የሚታየው አሻሚነት በሴቷ ስም ላይ የለም። ላቀው በኃላፊ ጊዜ ቢወሰድ «እርሱን በለጠው»፣ በትእዛዝ ቢወሰድ «አንተ ብለጠው» ይሆናል፤ ሁለቱ ቅርጾች በጽሕፈትም በንባብም አይለያዩም። ጣሰው የሚለው ስምም እንዲሁ ነው። ለሴት ትእዛዙ «ላቂ»፣ ኃላፊው «ላቀች» ስለሆነ አንዱ ከሌላው ጋር አይምታታም።

ይህ የስም አቀራረጽ በአካባቢው ረጅም ዕድሜ አለው። ወልዲያና ዙሪያዋ የሚገኙበት የየጁ አገር መሳፍንት ዘር የሆነችው የራስ ዓሊ ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ ተዋበች ትባል እንደ ነበር ይታወሳል። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ የሚኖር እንደ መሆኑ፣ ከግስ የተቀረጸ ስም የሃይማኖት ምልክት ስለማይታይበት ለሁለቱም ወገን የሚመች ነው።

፫. በለጠች እና ላቀች

ሁለቱ ስሞች በትርጉም ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም። በለጠ መጠንን፣ ዕድሜን፣ ዋጋን፣ ቁመትን ሁሉ ይለካል፤ በገበያም በቤትም የሚነገር የዕለት ቃል ነው። ላቀ ግን በአብዛኛው ማዕረግንና ጥራትን ይመለከታል፤ «ዋጋው ላቀ» ከማለት «ዋጋው በለጠ» ማለት ይቀናል። በዛሬው አነጋገርም ላቀ በማሠሪያ አንቀጽነት ከሚነገርበት ይልቅ «የላቀ ውጤት»፣ «የላቀ አገልግሎት» በሚል ቅጽላዊ አገባብ የሚመጣበት ጊዜ ይበዛል። በዕለት ንግግር የሚዘወተር ግስ ለስምነትም ቅርብ ነው። ከፍ ባለ አነጋገር ብቻ የሚገኘው ግን በስምነትም ብርቅ ይሆናል። ላቀች ከበለጠች ይልቅ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል።

ሌላው ምክንያት የልማድ ለውጥ ነው። በ«ች» የሚጨረሱ ግሳዊ ስሞች በአብዛኛው የአያቶችና የእናቶች ስሞች ሆነው ይታያሉ። የዛሬ ወላጆች፣ በተለይ በከተማ፣ ወደ መጽሐፍ ቅዱስና ወደ ቁርኣን ስሞች፣ እንደዚሁም እንደ ሕሊናና ማሕሌት ወዳሉ ነጠላ ስሞች ያዘነብላሉ።

፬. ከሰው ወደ ሰብል

የሲሪንቃ ማዕከል ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 508 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ይገኛል። ከማዕከሉ ከወጡት የጤፍና የማሽላ ዝርያዎች ብዙዎቹ የአገር ስም ይዘዋል፤ ዞብል፣ ግራና፣ ራያ፣ የጁ ይጠቀሳሉ። ብርሃንና ምስክር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ደግሞ የነገርም የሰውም መጠሪያ በሆኑ ቃላት ይጠራሉ። በምርምር መዝገብ ቁጥሩ 273 የሆነው የዲቃላ መስመር ግን ግልጽ የሴት ስም ነው ያገኘው፤ ላቀች።

አንድ ዝርያ እንዲለቀቅ በተለያዩ ቦታዎችና ዓመታት ከነባር ማነጻጸሪያ ዝርያ ጋር ጎን ለጎን ተዘርቶ ብልጫው መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ስሙ ለዝርያ መልቀቂያ የሚሆነውን መስፈርት በአንድ ቃል ይናገራል። በሰው ስም ጊዜ ምኞት የነበረው በሰብል ስም ጊዜ የመስክ ውጤት ሆነ። በሰው ስም ያልተነገረው ተነጻጻሪም እዚህ ታወቀ፤ ማነጻጸሪያው ዝርያ ነው። አንስታይ ጾታው እንግዳ አይሆንም፤ አማርኛ ለትንሽና ለተወደደ ነገር የሴት አነጋገር ይመርጣል፣ ጤፍም ከእህል ሁሉ ደቃቅ ናት።

ከውጭ አገር ተመሳሳዩን ብንፈልግ የሆላንዱን «ቢንቼ» ድንች እናገኛለን። በፍሪስላንድ አውራጃ ይኖር የነበረ ደ ፍሪስ የተባለ የገጠር አስተማሪ ያዳቀለውን ድንች በአንዲት ተማሪው ስም ጠራው። ድንቹ በ1910 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ቀርቦ በቤልጅግና በፈረንሳይ ሳይቀር ስለ ተስፋፋ፣ በአንድ አውራጃ ተወስኖ የነበረ የሴት ስም በብዙ አገር ገበያ የሚጠራ ሆነ። ልዩነቱ ግን ጉልህ ነው። ቢንቼ ብሎ ድንች የሚገዛ ሰው ትርጉም አይሰማም፤ ላቀች የሚል ገበሬ ግን የተሟላ ነገር ይናገራል።

፭. የአገባብና የአጻጻፍ ችግር

ግስ ስም መሆኑ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ የተሳቢውን «ን» መቀበሉ ነው። «ላቀችን ዘራሁ» ማለት ይቻላል። «የ» ሲጨመርበት ግን ችግር ይነሣል። «የላቀች እህት መጣች» ቢባል ላቀች የተባለችው ሴት እህት መጣች ማለትም ይሆናል፤ ከሌሎች የበለጠች እህት መጣች ማለትም ይሆናል። በፊደላችን ለተጸውዖ ስም የተለየ አጻጻፍ ስለሌለ ጽሕፈቱ ልዩነቱን አያሳይም፤ ንባቡም አንድ ነው።

ይህ በሰው ስም ጊዜ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ በዘር ጉዳይ ግን ጉዳት ያመጣል። በአንድ የምክር ወረቀት ላይ «የላቀች ዘር ይጠቀሙ» ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ገበሬ የተወሰነ ዝርያ መታዘዙን፣ ሌላው ያገኘውን ምርጥ ዘር ሁሉ መዝራት እንደሚችል ሊረዳ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ከላቲን ፊደል ይመጣል። የዝርያ መዝገቦችና የምርምር ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ስለሚዘጋጁ ቀ እና ከ በአንድ ፊደል ሲወከሉ ይታያል። ከዚያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ስሙን ካላወቀው ላቀችን «ላከች» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ላከች ደግሞ ከለአከ የመጣ ሌላ ግስ ነው፤ በመብለጥ ፈንታ መላክ ይሆናል። አንዲት ነጥብ ያህል ስሕተት የስሙን ሥር ትነቅለዋለች።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት አሳቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ከግስ የተቀረጸ መጠሪያ በመዝገበ ቃላት በግሱ ሥር፣ «የሴት ስም» ከሚል መግለጫ ጋር ቢመዘገብና አሁን ደግሞ «የጤፍ ዝርያ» የሚል ሁለተኛ ፍቺ ቢጨመርለት ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ለገበሬ በሚጻፍ ነገር «የላቀች ዘር» በማለት ፈንታ፣ ማኛ ጤፍና ሰርገኛ ጤፍ እንደሚባለው ሁሉ «ላቀች ጤፍ» ቢባል አሻሚነቱ ይወገዳል፤ መንገዱንም ሕዝቡ ራሱ አስቀድሞ አሳይቷል። ሦስተኛ፣ በዝርያ መዝገብ የላቲኑ ጽሕፈት ዘንድ የግእዝ ፊደሉ ቢሰፍር ስሙ ከነትርጉሙ ይጠበቃል።

የሲሪንቃ ማዕከል በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ዝርፊያና ውድመት ደርሶበታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዘር ከተበተነበት ከገበሬ ጎተራ ተፈልጎ ይሰበሰባል፤ ፈላጊውም የሚጠይቀው በስሙ ነው። ስሙ ተዛብቶ ከተጻፈ ጠያቂውና ተጠያቂው ሳይግባቡ ይለያያሉ። አንድን ቃል በትክክል መመዝገብ ቃሉ የሚጠራውንም ነገር መጠበቅ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።