የእናቶችና የሕፃናት ቀለብ

የአንድ አገር ሀብት ወርቅና እርሻ ብቻ አይደለም፤ ወርቁን የሚቈፍረው፣ እርሻውንም የሚያርሰው ሰው ነው። ሰውም የሚጸናው በጕልምስናው ዘመን በሚበላው እንጀራ ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በእናቱ ማሕፀን፣ ቀጥሎም በእናቱ ጡት ባገኘው ምግብ ነው። አባቶች «እህል በጥቅምት፣ ልጅ በጡት» ሲሉ የተናገሩትን የዛሬ ዘመን ሐኪሞች በሚዛንና በመስፈሪያ መርምረው አጽንተውታል። በእነርሱ ቍጥር፣ ከፅንስ ጀምሮ ሕፃኑ 2 ዓመት እስኪሞላው ያለው 1,000 ቀን ያህል ጊዜ የአካልና የአእምሮ መሠረት የሚጣልበት ነው። በዚያን ጊዜ የጐደለውን ቁመትና የማስተዋል ኀይል፣ በኋላ ብዙ ምግብ ቢሰጥ እንኳ በሙሉ ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል።

ስለዚህ መንግሥት ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ለሕፃን የሚሰፍረው ቀለብ እንደ ምጽዋት ሊቈጠር አይገባም። ዘር ለመዝራት ከጐተራ የሚወጣ እህል ጠፋ እንደማይባል፣ ይህም ወጪ ጠፋ ሊባል አይቻልም። ጕዳቱም በገንዘብ ተቈጥሮ ታውቋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከአፍሪካ ኅብረትና ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ሆኖ ያስጠናው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በሕፃንነት ዕድሜ በደረሰ የምግብ ጕድለት ምክንያት አገሪቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ዓመት ብቻ 55.5 ቢሊዮን ብር፣ ማለት ከጠቅላላው የአገር ምርት 16.5 በመቶ አጥታለች። ይህ ሁሉ ገንዘብ የጠፋው በሕክምና ወጪ፣ ክፍል በሚደግሙ ተማሪዎች፣ በሠራተኛ ድካምና ያለ ጊዜያቸው በተቀጠፉ ነፍሳት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሥራው በኢትዮጵያ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1962 በስዊድን መንግሥት ረዳትነት የሕፃናትን ምግብ የሚመረምር ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ እርሱም በኋላ የኢትዮጵያ የምግብ ጥናት ኢንስቲትዩት ተባለ። የክፍሉ ሊቃውንት የአገሩን እህል መርምረው፣ ከስንዴ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከሽምብራና ከወተት ዱቄት የተቀመመ፣ ቪታሚንና ማዕድን የተጨመረበት የሕፃናት ዱቄት አዘጋጁ። ስሙንም «ፋፋ» አሉት። ስሙ ተርጓሚ ሳያስፈልገው ለእናት ሁሉ የሚገባ፣ በራሱም ምኞት የሆነ ስም ነው።

በ2004 መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃና ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር በመተባበር፣ ድርቅ በሚያጠቃቸው ወረዳዎች ሕፃናትንና እናቶችን እየለካ ቀለብ መስጠት ጀመረ። የሕፃኑ የላይኛው ክንድ በጥብጣብ ተለክቶ ከሲታ ሆኖ ሲገኝ፣ ለ3 ወር የሚሆን 25 ኪሎ የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄትና 3 ሊትር ዘይት ይሰጠው ነበር። ዱቄቱንም የሚያድሉት ከየቀበሌው የተመረጡ ሴቶች እንዲሆኑ ተደረገ፤ የእናትን ችግር እናት ታውቀዋለችና ምርጫው የተመሰገነ ነበር። በ2005 በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ድንጋይ ከመሸከምና አፈር ከመቈፈር ነፃ ሆና ድርሻዋን ያለ ሥራ እንድትቀበል ተደነገገ። በ2015 ደግሞ መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ተስማማ፤ ሥራውም አስቀድሞ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ተጀመረ። ረኀብ ክፉ ስም የሰጠው አገር የዚህ ቃል መነሻ መሆኑ የሚገባ ነው።

ፍሬውም ታይቷል። በ2000 ከ5 ዓመት በታች ካሉት 100 ሕፃናት 58ቱ ቀንጭረው ነበር፤ በ2019 ግን ቍጥሩ ወደ 37 ወርዷል። ነገር ግን ከ3 ሕፃናት አንዱ የሚበልጥ ሲቀነጭር፣ ሥራው ተፈጸመ ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

ቀለቡ ከመጋዘን ወጥቶ ቤት ቢደርስም፣ ከቤት ደጃፍ እስከ ሕፃኑ አፍ ያለው መንገድ ከወደብ እስከ ወረዳ ካለው መንገድ ይልቅ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ከላይ የተነገረው 25 ኪሎ ዱቄት ለ90 ቀን ቢከፈል ለአንድ ቀን 277 ግራም ያህል ይሆናል። ዱቄቱ ስድስት ነፍስ ባለበት ቤት በአንድ ድስት ተገንፍቶ እኩል ቢበላ ግን፣ ለሕፃኑ የሚደርሰው 46 ግራም ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰቡ አንድ ቀን በልቶ ያድራል እንጂ ሕፃኑ አይድንም። ቢሆንም እናቲቱን መውቀስ አይገባም፤ የተራቡ ልጆቿ እያዩ ለአንዱ ብቻ ማጕረስ ለማንም እናት የሚቻል አይደለም። ስለዚህ የሕፃኑ ቀለብ ለሕፃኑ እንዲደርስ፣ ለቤተ ሰቡ የሚገባው እህል በዚያው ቀን አብሮ መሰጠት አለበት። ሁለቱ በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት፣ በልዩ ልዩ ወር የሚታደሉ ከሆነ ግን አንዱ ሌላውን ያከሽፈዋል።

ሁለተኛው ነገር የማዕድ ሥርዐት ነው። በብዙ ቤት አስቀድሞ አባወራውና እንግዳው ይበላሉ፤ ቀጥሎ ልጆች ይበላሉ፤ እናት ግን ከሁሉ በኋላ በተረፈው ትረካለች፤ ካልተረፈም ዝም ብላ ታድራለች። ይህ ልማድ ለክብር የተሠራ ቢሆንም፣ በአንድ አካል ሁለት ነፍስ የተሸከመችውን ሴት ከሁሉ ታናሽ ያደርጋታል። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት እርስዋ አስቀድማ ብትበላ የአባወራው ክብር አይቀንስም፤ ይልቁንም ዘሩን የሚጠብቅ ብልኅ ሰው ይባላል።

ሦስተኛው ለካህናት የሚመለከት ነው። ምእመናን በዓመቱ ውስጥ ከ180 ቀን የማያንስ ይጾማሉ። ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጾም እንደማይገደድ ማንም ካህን ያውቃል፤ ለነፍሰ ጡርና ለአራስም እንደ ድካማቸው የሚታዘንላቸው መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት ዕቃው በጥሉላት እንዳይነካ እየተባለ፣ ጾም የማይመለከተው የአንድ ዓመት ሕፃን በዐቢይ ጾም ሁሉ ወተትና እንቍላል ሳይቀምስ ይከርማል። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትእዛዝ ሳይሆን የልማድ ፍርሃት ነው። ለሕፃኑ ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ ቢለይለት፣ የእናቱ ጾም አይፈርስም፤ የልጁም ሰውነት አይጐዳም።

ይህን ቃል ከንስሐ አባት የተሻለ የሚናገረው የለም። የጤና ባለ ሙያ ብትናገር እናቲቱ ትሰማታለች፤ በልቧ ግን አባቴ ምን ይሉኝ ይሆን ትላለች። ካህኑ ወንዱን በ40 ቀን፣ ሴቲቱን በ80 ቀን ክርስትና ሲያነሣ፣ እናትና አባት፣ ክርስትና አባትና እናትም በአንድነት በፊቱ ይቆማሉ። በዚያች ሰዓት እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ሌላ እንዳይሰጡት፣ ከ6 ወርም በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ በገንፎው ላይ ወተት፣ ቅቤና እንቍላል ቢጨመርበት ኀጢአት እንዳልሆነ ቢነግራቸው፣ የቃሉ ፍሬ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል።

ለሹማምንትም የሚነገር አለ። ነፍሰ ጡሯ ከከባድ ሥራ ነፃ የምትሆነው ማስረጃው በጊዜው ሲጻፍላት ነው፤ ወረቀቱ ከወሊዷ በኋላ ቢደርስ ሕጉ ምን ጠቀማት? በሰኔ ወር 2023 ደግሞ፣ ለችግረኛ የተላከው እህል በብዙ ስፍራ ወደ ሌላ እጅ ገብቶ በመገኘቱ ለጋሾች በመላ አገሪቱ የእህል ርዳታ አቋርጠው ነበር፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለተጐዱ ሕፃናትና እናቶች የሚሰጠው ምግብ ብቻ እንዳይቋረጥ አደረገ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። አንድ ኩንታል ያጐደለ ሰው አንድ ኩንታል ብቻ አላጐደለም፤ በእርሱ ምክንያት እጁን ያልዘረጋ ድኻ ሁሉ ማዕዱ ይታጠፍበታል።

ከውጭ የሚመጣ ቀለብ ሁልጊዜ የሚታመን አለመሆኑም ታይቷል። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታ መሥሪያ ቤቱን ዘጋ። በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር የዓለም የምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላጠረው፣ በኢትዮጵያ በምግብ ጕድለት ለተጐዱ 650,000 እናቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና ለማቋረጥ መገደዱን አስታወቀ። ሌላው ሲሰጥ የሚበላ፣ ሲነሣ የሚራብ ሕፃን ያለው አገር ነገውን በሌላ እጅ አኑሯል ማለት ነው። አኩሪ አተሩም ሽምብራውም የሚበቅለው በዚሁ ምድር ነው፤ ዱቄቱን የሚያዘጋጀው ብልኀትም ከ60 ዓመት በፊት በዚሁ አገር ተፈትኗል። የቀረው በየዓመቱ በሚጸድቀው በጀት ውስጥ የሕፃናት ቀለብ ከማይታጠፉት ወጪዎች ጋር ተለይቶ እንዲጻፍ ማድረግ ነው።

አንዳንዶች ግን ቀለብ መስጠት ሕዝብን ሰነፍ ያደርጋል ይላሉ። ለጐልማሳ የሚነገረው ይህ ቃል ለሕፃን አይሠራም፤ በማሕፀን ያለ ፅንስ ሠርቶ ይብላ የሚል ሕግ የለምና። ቀለቡም ለዘለዓለም የሚሰጥ ሳይሆን ቀኑ የተወሰነ ነው። 1,000ው ቀን ሲፈጸም ሕፃኑ በእግሩ ይቆማል፤ ያድጋል፤ ይማራል፤ ያርሳል፤ ግብርም ይከፍላል። የተሰጠውን የሚመልሰውም በዚህ ነው።

እንግዲህ ሹሙ እህሉን በሙሉና በጊዜው ቢያደርስ፣ ካህኑ በምክሩ ፍርሃትን ቢያርቅ፣ አባወራውም ማዕዱን አስቀድሞ ለባለቤቱ ቢያቀርብ፣ በሰቆጣ የተገባው ቃል በወረቀት ላይ አይቀርም። እስከ 2030 የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ዛሬ የሚፀነሰው ሕፃን ግን ያንን ዓመት የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።