የክረምታችን ዝናብ ከየት ይመጣል?

ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በሁርሊንግሃም ሰፈር ኑሯቸውን የመሠረቱ ኢትዮጵያውያን አሉ። ሰፈሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ነፋሻማ ስፍራ በመሆኑ፣ በሚያዝያ ወር ዝናቡ ሲወርድ የአገር ቤቱን ክረምት የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። ሆኖም የናይሮቢና የአዲስ አበባ ዝናብ በዓይን ቢመሳሰሉም፣ በላቦራቶሪ ሲመረመሩ የተጓዙበት መንገድ የተለያየ መሆኑ ተደርሶበታል። ይኸውም እንዴት እንደሆነ ለአንባቢያን ባጭሩ ልናስረዳ እንወዳለን።

ውኃ ከሃይድሮጂንና ከኦክሲጅን የተሠራ ነው። ከ500 የኦክሲጅን አተሞች መካከል ግን አንዱ ያህል ከሌሎቹ ይከብዳል፤ ሃይድሮጂንም እንዲሁ የራሱ ከባድ ዓይነት አለው። እነዚህ አይሶቶፖች ጨረር የማያወጡ፣ በዘመን ብዛትም የማይለወጡ ናቸው። ውኃ ከባሕር በሚተንበት ጊዜ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ተኑ ደመና ሆኖ ሲዘንብ ደግሞ ከባዱ ቀድሞ ይወርዳል። ዳገት የሚወጣ ጦር ከባድ ሸክም የያዘውን አስቀድሞ ከሰልፉ እንደሚያንጠባጥብ ሁሉ፣ ደመናም ወደ ተራራ በወጣና ወደ መሐል አገር በዘለቀ ቁጥር በውስጡ የሚቀረው ውኃ እየቀለለ ይሄዳል።

የዴንማርኩ ሊቅ ዊሊ ዳንስጎር ይህን ምርመራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1952 በግቢው ሣር ላይ የቢራ ጠርሙስ አቁሞ፣ በአፉም ኢምቡቶ ሰክቶ ዝናብ በማጠራቀም ነበር። በ1964 ሰፊ ጥናቱን አሳተመ። በ1984 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ስሌቱን የዓለምን አየር ጠባይ በኮምፒዩተር በሚያሰላ ሞዴል ውስጥ አስገቡት።

በዚህ ስሌት መሠረት ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኘው አዲስ አበባ ቀላል ዝናብ ሊዘንብላት በተገባ ነበር። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዘረጉት የዝናብ መመርመሪያ መረብ የተሰበሰበው የአዲስ አበባ ውኃ፣ በዚያ ከፍታ ካሉት ሌሎች ስፍራዎች ይልቅ ከባድ ሆኖ ተገኘ። ሊቃውንቱ ለብዙ ዓመታት በዚህ ሲከራከሩ ቆይተዋል።

በ2009 (እ.ኤ.አ.) ናኦሚ ሌቪን፣ ኤድዋርድ ዚፕሰርና ቱር ሰርሊንግ ከኢትዮጵያና ከኬንያ የተገኙ የ349 የውኃ ናሙናዎችን ውጤት አቀረቡ። የአብዛኛው ኬንያ ዝናብ ከህንድ ውቅያኖስ የሚመጣ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ግን ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ ዝቅተኛው ነፋስ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ ያለፈበትም የኮንጎ ደንና የደቡብ ሱዳን ረግረግ የሆነው ሱድ ነው። የዛፍ ሥር ከባዱን ከቀላሉ ሳይለይ ይመጣል፤ ቅጠሉም እንዳለ ወደ አየር ይመልሰዋል። በመሆኑም ደመናው በመንገድ ያጣውን ከባድ ውኃ ከደኑና ከረግረጉ ሳይሞላ አይቀርም ይላሉ። ከህንድ ውቅያኖስ የተነሣው ተን በጉዞው ብዙም ሳይዘንብ በመድረሱ ነው የሚሉ ሌሎችም አሉ። እኛ ወደ ፊተኛው ሐሳብ ብናደላም ክርክሩ ተዘግቷል አንልም።

ጉዳዩ የቤተ መጻሕፍት ጨዋታ አይደለም። የሱድን ውኃ ከመትነን ለማዳን በ1978 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የጆንግሌ ቦይ፣ ከ360 ኪሎ ሜትር 240 ያህሉ ከተቆፈረ በኋላ በ1984 በጦርነት ምክንያት ቆሟል። ቦዩ ቢያልቅ፣ የኮንጎም ደን ቢመነጠር የገበሬያችን ክረምት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሊያሰላ የሚነሣ ሞዴል፣ በመጀመሪያ የአዲስ አበባን ከባድ ዝናብ በትክክል ማስላት ይኖርበታል።