ግመሉ ድልድይ ነው ወይስ ቤት?

ስለ ኮሮናቫይረሶች አመጣጥ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት አንድ ዓይነት ታሪክ ነው፦ መጀመሪያ የሌሊት ወፍ፣ ቀጥሎ ሌላ እንስሳ፣ ከዚያ ሰው። መሀል ላይ ያለውን እንስሳ ሳይንቲስቶች «መካከለኛ አስተናጋጅ» ይሉታል። እናንተ ድልድይ በሉት። ግን ሁሉም መካከለኛ እንስሳ እውነት ድልድይ ነው?

በሳርስ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ በደቡብ ቻይና የተነሳው ይህ በሽታ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ይዞ 774ቱን ገደለ። በ2003 ቫይረሱ ገበያ ላይ ከነነፍሳቸው በሚሸጡ ጥርኞች ላይ ተገኘ። (ዝባድ የምትሰጠው የኛዋ ጥርኝ አይደለችም፤ የእስያ ዘመዷ ናት።) በእርባታ ላይ ያሉት ጥርኞች ሲመረመሩ ግን አብዛኞቹ ነጻ ነበሩ። ስለዚህ ቫይረሱ የያዛቸው በንግዱ መሀል ሳይሆን አይቀርም። የቫይረሱ የቅርብ ዘመዶች በኋላ በዩናን ዋሻ በሚኖሩ የሌሊት ወፎች ላይ ተገኙ። ጥርኟ እውነትም ድልድይ ነበረች።

አሁን ወደ መርስ እንምጣ። በ2012 በሳዑዲ አረቢያ ታወቀ፤ በምርመራ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሞቷል። ብዙዎች መጀመሪያ የጠረጠሩት የሌሊት ወፍን ነበር። የግመሎች ደም ሲመረመር ግን ቫይረሱን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ሞልቶበት ተገኘ። ተመራማሪዎች ይሄ ነገር መቼ ጀመረ ብለው ለዓመታት በማቀዝቀዣ የተቀመጠ የግመል ደም አወጡ። ከ1983 ጀምሮ በሶማሊያ፣ በሱዳንና በግብጽ የተወሰደ ነው። እዚያም አለ! በሽታው ሰው ላይ ከመታወቁ ወደ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

እንግዲህ ግመሉ ድልድይ ሳይሆን የቫይረሱ ቤት ነው። የሩቅ አያቱ ከሌሊት ወፍ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ግን ቫይረሱ ከግመል ወደ ግመል እየተላለፈ ይኖራል። ግልገሎቹ ገና በልጅነታቸው ይያዛሉ፣ ንፍጣቸው ይወርዳል፣ ይድናሉ። ሰውን ለምን ይገድላል ታዲያ? ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት «በር» ዲፒፒ4 የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ በር በግመል አፍንጫ ውስጥ በብዛት አለ፤ በሰው ግን በብዛት የሚገኘው ሳንባ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ነው። ለግመሉ ጉንፋን የሆነው ለኛ የሳንባ ምች የሚሆነው በዚህ ነው።

የኛስ ግመሎች? በ2010 እና 2011 ከኢትዮጵያ ግመሎች በተወሰደ ደም፣ ከአዋቂዎቹ ከ90 በመቶ በላይ ቫይረሱን እንደሚያውቁት ታይቷል። ሆኖም እንደ አረቢያው የሰው ሞት አልተመዘገበም። አንዱ ምክንያት ምርመራ ማነሱ ሊሆን ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ሌላው ነው፦ የአፍሪካው ዝርያ በቤተ ሙከራ በሰው ሳንባ ሴል ላይ ሲሞከር ከአረቢያው ደከም ብሎ ተገኝቷል። ግመል ከአፍሪካ ቀንድ በመርከብ ወደ አረቢያ ይሸጣል እንጂ ከዚያ ወደዚህ ብዙም አይመጣም። የአረቢያው ዝርያ እዚህ ያልታየውም ለዚህ ይመስላል። የንግዱ አቅጣጫ ቢቀየር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እስከዚያው ግመል ያላችሁ ቤተሰቦች ወተቱን አፍሉት፣ ንፍጥ የሚወርደውን ግልገል ከነካችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት አያት ቤት ውስጥ ካለ ግልገሎቹን የሚጠብቀው ሌላ ሰው ይሁን።