ቀርከሃ የት ላይ ይሰበራል?

ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣው መንገድ ደጋውን ሲይዝ የግቢው መልክ ይለወጣል። ቡናው ይሳሳል፣ ገብስ ብቅ ይላል፣ እንሰቱ ግን እንዳለ ነው፤ በየአጥሩ ጥግ ደግሞ ቀርከሃ ተሰድሮ ይታያል። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን፣ ደጋ ቀርከሃ የሚወደው ከ2,200 ሜትር በላይ ያለውን ብርድና ጭጋግ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ሲነሣ ሰው የሚያወራው ስለ ቡናው፣ ስለ እንሰቱና ስለ ትክል ድንጋዮቹ ነው። ቀርከሃውን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው፤ ብዙ የተሸከመ ተክል ስለሆነ ግን ትውውቅ ይገባዋል። እኔ ከጠባዮቹ ሁሉ የመረጥኩት አሰባበሩን ነው።

ቀርከሃ በዘሩ ሣር ነው። በሀገራችን ሁለት አገር በቀል ዓይነቶች አሉ። ቆላ ቀርከሃ፣ ሽመል የሚባለው፣ ውስጡ ድፍን ወይም ድፍን ለመሆን የቀረበ ነው። ደጋ ቀርከሃ ግን ባዶ ቱቦ ነው፤ ሲመቸው ከ15 ሜትር በላይ ይመዘዛል። ከመሬት ሲወጣ የሚኖረውን ውፍረት ይዞ ይወጣል፤ በጥቂት ወራት ቁመቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ዛፍ አይወፍርም። የሚቀረው መጠንከር ብቻ ነው፤ እሱም ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስድበታል።

ባዶነቱ ድክመት ሊመስል ይችላል፤ ጥንካሬው ግን ያለው እዚያው ነው። አንድ ምሰሶ ሲጎብጥ አንዱ ጎኑ ይሳባል፣ ሌላው ይጨመቃል፤ መሐሉ ብዙም አይሠራም። ቀርከሃ የማይሠራውን መሐል ትቶ አቅሙን ግድግዳው ላይ አውሏል፤ እዚያም ቢሆን ጭረቶቹ ወደ ውጭው ቆዳ ሲጠጉ ይጠቀጠቃሉ። ባዶ ቱቦ ግን አንድ ጠላት አለው። የለስላሳ መጠጫ ስትሮው ሲታጠፍ እንደምናየው፣ ክቡ መጀመሪያ ይጠፈጠፋል፣ ከዚያ በድንገት ይታጠፋል። ቀርከሃን ከዚህ የሚጠብቀው አንጓው ነው። በየአንጓው ውስጥ ያለው ግድግዳ ቱቦው እንዳይጠፈጠፍ ከውስጥ ይደግፈዋል። ስለዚህ ቀርከሃ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አንጓዎች መካከል ነው።

ይህንኑ ስሌት የሚከተል አንድ ዕቃ ከጌዴኦ ደጋ በጣም ርቆ ይገኛል፤ የዊንድሰርፊንግ ምሰሶ። ዊንድሰርፊንግ በቀላል ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ሸራን በእጅ ይዞ፣ በነፋስ ውሃ ላይ መንሸራተት ነው። ሸራውን የሚወጥረው ምሰሶ በብዛት ከ3.7 እስከ 4.9 ሜትር የሚረዝም፣ ከካርቦን ፋይበርና ከሙጫ የተሠራ ባዶ ቱቦ ነው። ሲገጠም ገና በውጥረት ይጎብጣል፤ ነፋሱ ሲመታው ደግሞ ይበልጥ ይለመጣል፣ ይመለሳል። አንጓ የለውም። በአንጓ ፋንታ አንዳንዶቹ የካርቦን ክሮች በዙሪያው ተጠምጥመው ክብነቱን ይጠብቃሉ። ሁለት ዓይነት ውፍረት አለ፤ አንዱ በታችኛው ጫፉ የውስጥ ስፋቱ 48 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ሌላው 32 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጠንካራ የሚመስለው ወፍራሙ ነው። በማዕበል መሐል የሚጫወቱ ሰዎች ግን ቀጭኑን ይመርጣሉ፤ ግድግዳው ወፈር ስለሚል መመታትን ይችላል። የካርቦን መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር ምሰሶው ይቀላል፣ ፈጥኖም ይመለሳል፤ በዋጋም ይወደዳል። ሲመታ ግን ያን ያህል ታጋሽ አይደለም።

እነዚህ ምሰሶዎች በነፋስ ብቻ የሚሰበሩ ይመስለን ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ነፋሱ የሚጨርሰው ሌላ ነገር የጀመረውን ነው። ተጫዋቹ ሸራውን የሚይዝበት አግዳሚ ዘንግ ምሰሶውን የሚጨብጥበት ቦታ ይጨመቃል፤ ምሰሶው የተሠራባቸው ሁለት ግማሾች የሚጋጠሙበት መገጣጠሚያ ውስጥ አሸዋ ይገባና ይፍቃል፤ ድንጋይ ላይ ሲጋጭ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይገባዋል። ጉዳቱ ሳይታይ ይቆይና አንድ ቀን፣ ብዙም በማያስፈራ ነፋስ፣ ምሰሶው ቀጭ ይላል።

ቀርከሃም ዘንድ ነገሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ጉዳቱን የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ሠሪው መሆኑ ነው። የቀርከሃ ጭረቶች በአብዛኛው በቁመት የተዘረጉ ናቸው፤ በአግድም የሚያስራቸው ነገር ደካማ ነው። ለመሰንጠቅ የተመቸው ለዚህ ነው፤ ባለ እጁ ሠሪም በዚሁ ጠባዩ ተጠቅሞ ሰንጥቆ ይጠርበዋል፣ ግድግዳና ምንጣፍ ይሠራበታል። ይኸው ጠባይ ምስማር ሲገባ ይከዳል። በደረቅ ቀርከሃ ላይ ሚስማር የሚመታ ሰው የስንጥቁን መጀመሪያ በገዛ እጁ እየከፈተ ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ የረጃጅም ሕንፃዎች የቀርከሃ መወጣጫ ሲሠራ በምስማር ሳይሆን በማሰሪያ ነው የሚያያዘው። እንሰት ባለበት አገር ደግሞ ቃጫ አይጠፋም፤ ማሰሪያ አጥቶ ሚስማር ላይ መሮጥ አይገባኝም። የግድ ከሆነም አስቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳትና ወደ አንጓው ተጠግቶ መምታት ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳት የሚጀምረው ቆረጣው ላይ ነው። ለጋ ቀርከሃ ረጅም ስለሆነ የደረሰ ይመስላል፤ ገና ውሃና ስታርች የሞላበት ነው። ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ነቀዝ ደግሞ ስታርቹን ፍለጋ ይገባበታል። ነቀዙ ውጫዊውን ቆዳ ብዙም ሳይነካ ውስጡን ዱቄት ያደርገዋል። የደረሰውን የሚለይ ዓይን አንጓው ሥር ያለው ነጭ ብናኝ መጥፋቱን፣ ሽፋኑ መርገፉን፣ አረንጓዴው መደብዘዙንና ሽበት የመሰለ ነቁጥ ማውጣቱን ያያል። ቆረጣው በበጋ ሲሆን ይመረጣል፤ በዝናብ ወቅት ውሃው ይበዛልና።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። ምንም ሳይቀባ አፈር ውስጥ የተተከለ ቀርከሃ በተለምዶ የሚቆየው ከ1 እስከ 3 ዓመት ነው፤ ጣሪያ ሥር፣ ከአፈር ርቆ ከሆነ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይሄዳል። የምድጃ ጭስ የሚደርሰው ደግሞ ነቀዝ ስለሚሸሸው ከዚያም ይዘልቃል። የዘመኑ ዘዴ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ መዘፍዘፍ ነው፤ ዝናብ ስለሚያጥበው ግን ለውጭ አጥር ብዙም አያዋጣም። ቀርከሃን በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆምና ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ መስጠት ከመድኃኒቱ በፊት የሚመጣ ነገር ነው።

በመጨረሻ ሲሰበሩ የቀርከሃውና የካርቦን ምሰሶው አሰባበር ለየቅል ነው። ካርቦኑ ሳያስጠነቅቅ ለሁለት ይከፈላል፤ ሙጫው አንዴ ከደረቀ ዳግም ስለማይቀልጥ ስብርባሪው ወደ ሌላ ዕቃ በቀላሉ አይለወጥም። ባለቤቱን የሚያጽናናው የተሰበረውን ግማሽ ብቻ ገዝቶ መተካት መቻሉ ነው። ቀርከሃው አስቀድሞ ይንጣጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ጎብጦም በጭረቶቹ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ከሥሩ ያለ ሰው ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል። ከዚያ የተሰነጠቀው ተጠርቦ ማገር ወይም አጥር ይሆናል፣ የቀረው ምድጃ ይገባል፤ ከጉቶው ሥር ደግሞ በክረምት አዲስ ቡቃያ ይወጣል።