አፍላግና ዓሣ

በካናዳና በፊንላንድ ሐይቆች ዳር መንጠቆ ይዞ የሚቀመጥ ሰው የነሐሴን ወር የሚፈራው በሙቀቱ ነው፤ የሐይቁ ገጽ በበጋው ፀሐይ ሲግል፣ ለብ ያለውና ቀላሉ ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ተደራርበው ስለሚቀሩ፣ ታችኛው አየር ሳይደርሰው እየታፈነ ይሄዳል፤ ዓሣውም ላዩ ሞቆበት ታቹ ታፍኖበት በመካከል ይሰበሰባል። ይህን የፈረንጅ ምክር ይዞ በዚያው ነሐሴ ከመንዝ ደጋ ወደ ወንጪት ቆላ የሚወርድ ሰው ግን ባዶ እጁን እንደሚመለስ አልጠራጠርም፤ በእኛ አገር ነሐሴ በጋ አይደለምና፣ ዓሣውንም የሚያዝዘው ሙቀት ሳይሆን ዝናብና ጭቃ ነውና።

ውኃ በባሕርዩ እንግዳ ፍጥረት ነው። ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሲሆን ከዚያ በላይ በሞቀ ቁጥር ይቀልላል፤ ሆኖም ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀልለው፣ ከ4 ወደ 5 ሲሞቅ ከሚቀልለው ከሃያ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የእኛ ጥልቅ ሐይቆች በላይና በታች የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ብቻ እያላቸው ሳይደባለቁ ሊቆዩ ይችላሉ። ባክስተር፣ ፕሮሰር፣ ታሊንግና ዉድ የተባሉ ሊቃውንት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1965፣ የቢሾፍቱን ሐይቆች ጠባይ መርምረው ያሳተሙት ጽሑፍ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የእነዚህ ሐይቆች ላይና ታች በደንብ የሚቀላቀለው በክረምት ሳይሆን፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ነው፤ በመንዝ ማሳ ላይ ባቄላውን የሚያቃጥለው ውርጭ፣ በቆላና በወይና ደጋ ሐይቆች ላይ ደግሞ ውኃውን ይገለብጣል ማለት ነው። ግልበጣው ድንገተኛ ከሆነ የታፈነው ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ ዓሣውን በአንድ ሌሊት ሆዱን ገልብጦ ያንሳፍፈዋል።

መንዝ ግን የወንዝ አገር ነው። በደቡብ ሞፈር ውኃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ ያዋስኑታል፤ የመርሐቤቴም ሰው በጀማና በወንጪት ገደሎች ታጥሮ ይኖራል፤ ይህ ሁሉ ውኃ በጀማ በኩል ዐባይ ይገባል። በደጋው አናት ትልልቅ ዓሣ የማይታየው አየሩ ስለሳሳ ነው የሚሉ አሉ፤ ስሌቱ ግን አይረዳቸውም። በባሕር ጠለል 20 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን ይይዛል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 70 በመቶ ስለሚወርድ ያው ውኃ ከ6 ተኩል አያልፍም፤ የመንዝ ምንጭ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ 10 ዲግሪ ቢሆን መጠኑ እንደገና ወደ 8 ይጠጋል፣ ይህም ለዓሣ ይበቃል። በእኔ ግምት ዓሣውን የከለከለው ገደሉና የጅረቱ ማነስ ነው።

አባቶቻችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ዘመነ ክረምት ሲከፍሉ፣ አንዱን ክፍል መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግ፣ ጠል ብለው ሰየሙት፤ በነሐሴ መጨረሻ የሚገባውን ደግሞ ጎሕ፣ ጽባሕ፣ ብርሃን፣ መዓልት አሉት። ዓሣ ሐሳበ ዘመን ባይማርም በዚሁ ሥርዓት የሚሄድ ይመስላል። በአፍላግ (በወንዞች) ወራት፣ ወንዙ አፈር ጠግቦ ትልልቅ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ፣ መረብ ይቀደዳል፣ መንጠቆም በቅርንጫፍ ይያዛል፤ ደመናው ሳስቶ የጎሕ ወራት ሲገባ ግን ትንንሾቹ ጅረቶች ከዋናው ወንዝ ቀድመው ይጠራሉ፤ የዓሣው ጉዞም የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ይህ የዓሣ ጉዞ በደንብ የተጠናው በጣና ነው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ቢጠልቅ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋሱ እስከ ታች ያማስለዋል። በውስጡ ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ፣ በጢስ ዐባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ተለይተው የበዙ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በመሳሰሉት ወንዞች አፍ ላይ ተሰብስበው ከቆዩ በኋላ፣ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ባለበት ጥሩ ጅረት ይራባሉ። ጠጠሩን የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እንቁላሉ በጠጠሮቹ መካከል ተሸሽጎ፣ በሚያልፈው ውኃ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን በስስ ቅርፊቱ በኩል ይስባል፤ ደቃቅ ደለል ከለበሰው ግን ሳይፈለፈል ታፍኖ ይቀራል። እንግዲህ በቁልቁለት ላይ የታረሰ መሬት የሚለቀው አፈር ለገበሬው ብቻ ሳይሆን በታች ላለው ዓሣም ጉዳት ነው።

አጥማጁ ደግሞ ይህን የመራቢያ ሰዓት ያውቀዋል። በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ እንቁላል የያዘችውን እናት ከነዘሯ ይወስዳል፤ አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በጅረቱ ይበትናል። በብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል ቅመም የዓሣው አካል በደሙ ያለውን ኦክሲጅን እንዳይጠቀምበት ይከለክለዋል፤ ዓሣው በንጹሕ ውኃ መካከል ሆኖ አየር ያጥረዋል፤ ትልቁም ጫጩቱም አንድ ላይ ይንሳፈፋሉ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት ዐሥር ዓመታት፣ በጣና ደቡባዊ ክፍል የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል።

በጳጉሜን አመሻሽ፣ ከደጋ የወረደች ቀጭን ጅረት ከወንጪት ጋር በምትገናኝበት ስፍራ ለሚቆም ሰው፣ ድፍርሱና ጥሩው ውኃ ወዲያው ሳይቀላቀሉ በክር እንደተለዩ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲወርዱ ይታዩታል። ዓሣ ቢኖር የሚጠብቀው በዚያች መስመር ላይ ነው፤ ራሱን ወደ ጥሩው፣ ጅራቱን ወደ ድፍርሱ አድርጎ፣ እስኪመሽ ድረስ።